ከአሥር አምስት

ባለፈው ግንቦት የሬዲዮ ጣቢያው የቅዳሜውን የወጣቶች ፕሮግራም ሲዘጋ የእኔም ሥራ አብሮ አለቀ። የተሰጠኝ ደብዳቤ ሁለት መስመር ነበር፤ ማኅተሙ ከጽሑፉ ይሰፋል። ጣቢያው ባይዘጋውም ብዙ አልቆይም ነበር። የቀኝ እጄ አውራ ጣት ከዓመት በፊት ጀምሮ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ሐኪሙ ሥራየን ጠይቆኝ ስነግረው ካርዴን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝ።

"ጌም በመጫወት ነው የተጎዳሁት እያሉኝ ነው?" አለኝ።

"በመጫወት ሳይሆን በመመዘን" አልሁት። ልዩነቱ አልገባውም። አልፈርድበትም፤ ጎንደር ላይ ልዩነቱ የሚገባው ሰው ከአንድ በላይ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ሥራየ ይህ ነበር። በየሳምንቱ አንድ የቪዲዮ ጌም እጫወታለሁ፤ ምኑ እንደሚበረታ፣ ምኑ እንደሚደክም እጽፋለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሩብ ሰዓት በሬዲዮ አነባለሁ። የምመርጠው መካከለኞቹን ነበር። ታላላቆቹን ጌሞች ዓለም ሁሉ ስላመሰገናቸው የእኔን አፍ አይፈልጉም። መናኛዎቹን ደግሞ የሚጫወታቸው የለም። በመካከል ያሉት ናቸው በፍላሽ እየተገለበጡ ከአዘዞ እስከ ሳንጃ በየጌም ቤቱ የሚዞሩት። አንድ ነገራቸው ያስደንቃል፣ ሌላው ያሳዝናል። ስለ እነሱ በአማርኛ የሚናገር ግን አልነበረም።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በአጋጣሚ ነው። አራዳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግን ነበር። ጌም ቤቶች በከተማው ሲበዙ የተሰበረ ጆይስቲክ ይመጣልኝ ጀመር። ጆይስቲክ መጠገኑን የምታውቀው ተጫውተህ ስለሆነ ሳላስበው ከጌም ቤት ልጆች ሁሉ በላይ ተጫዋች ሆንሁ። አንድ ቀን የሬዲዮ ጣቢያው የፕሮግራም ኃላፊ አያ ልሳነወርቅ ቴፓቸውን ሊያስጠግኑ መጡ። እኔ ስክሪኑ ላይ አፍጥጨ እነጫነጫለሁ።

"ምነው፣ ከማን ጋር ነው የምትጣላው?" አሉኝ።

"ይኼ ሰውየ ሲዘል እግሩ ዘግይቶ ነው ከመሬት የሚነሣው። ሠሪው ሲዘል ሰው አይቶ አያውቅም።"

"ሌላስ ምን አበላሸ?"

ዘረዘርሁላቸው። እስክጨርስ ቆመው ሰሙኝና "ያሳመረው የለም?" አሉ።

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። "ዝናቡን" አልሁ። "ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍና አፈር ላይ ሲያርፍ ድምፁ ይለያያል።"

"በል ዝናቡንም ዝላዩንም ጻፍልኝ" ብለው ቴፑን ትተውልኝ ሄዱ።

አያ ልሳነወርቅ የካህናት ቤተ ሰብ ናቸው። አባታቸው ቅኔ መምህር ነበሩ፤ እሳቸውም ጎልማሳ እስኪሆኑ ዜማ ተምረው ነው ወደ አስኳላ የተሻገሩት። ጌም የሚባል ነገር በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ግን እኔን ሐያሲ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ጽሑፌን አንድ ቀን እንኳን ራሳቸው አንብበው አያውቁም፤ እኔ እንዳነብላቸው ነበር የሚፈልጉት። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ባዶ ቃል ሲሰሙ የቀኝ እጃቸውን ሌባ ጣት ብድግ ያደርጋሉ። "ጌሙ በጣም ሸጋ ነው" ብየ ሳነብ ጣታቸው ተነሣች።

"ዝንቱ ምንት ውእቱ? ይህ ምንድን ነው?" አሉ። "ሸጋ ማለትህ ገባኝ። ምኑ ነው ሸጋ?"

ጣታቸው እስክትወርድ ድረስ አንዱን ዓረፍተ ነገር አምስት ስድስት ጊዜ እቀይር ነበር። ሁለተኛው ልማዳቸው፣ ጉድለት ከመናገሬ በፊት ሠሪው ምን ለማድረግ እንዳሰበ እንድናገር ማስገደዳቸው ነው። "መሄድ የፈለገበትን ሳታውቅ አልደረሰም ልትለው አትችልም" ይሉኝ ነበር። መጨረሻ ላይ፣ ኮታቸውን እየቆለፉ፣ አንዲት ጥያቄ አለች፦ "ጨረስኸው?" አልጨረስሁም ካልሁ ለዚያ ሳምንት ሩብ ሰዓቴ በሙዚቃ ይሞላል፤ ክፍያየም ይቀራል። አይቆጡም፤ በቃ ይሄዳሉ።

እንዲህ እያልሁ የራሴን አሠራር አበጀሁ። የመጀመሪያውን ቀን ብዕር አልይዝም። በሁለተኛው ቀን ዓይኔን ጨፍኘ የጌሙን ድምፅ ብቻ እሰማለሁ፤ የእግር ኮቴ ድንጋይና ሣር ላይ ካልተለያየ ሠሪው ቸኩሏል ማለት ነው። ከዚያ ጆይስቲኩን አገላብጨ እይዝና እጄን እንደ ጀማሪ አደነጋግረዋለሁ፤ አዲስ ሰው የት ላይ ተስፋ እንደሚቆርጥ የማውቀው እንዲህ ነው። አድማጮቼ በጣም የሚወዱት ግን የመብራቱን ፈተና ነበር። መብራት ድንገት ቢሄድ ጌሙ ምን ያህል ወደ ኋላ ይመልስሃል? አንዳንዱ ግማሽ ቀን ሙሉ የለፋህበትን ይውጠዋል። ይህን የሚያህል ጉድለት በሌላ አገር ሐያሲ ሲነሣ ሰምቸ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ግንብ ስለሚገነባበት ጌም አነበብሁ። ድንጋዩ ሲደራረብ፣ ቅስቱ ሲዞር፣ የኖራው ቀለም በፀሐይ ሲለዋወጥ እጅ ያስነሣል። ግንቡ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ግን ሁሉም አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚናገሩት። "ሠሪው ቤቱን ወዷል፤ ሰዎቹን አያውቃቸውም" ብየ ጻፍሁ። የአያ ልሳነወርቅ ጣት ሳትነሣ ጽሑፌ ያለቀው ያን ዕለት ነው። ከቢሮ ስወጣ ሰው አቁሜ ልነግር ፈለግሁ። የምነግረው አልነበረኝም።

ሥራው ብቸኛ ያደርጋል። ማራኪ ሠፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል መጋረጃ ጋርጀ እቀመጣለሁ፤ ብርሃን ስክሪኑ ላይ ካረፈ ቀለሙን መመዘን አይቻልም። ጎረቤቶቼ የሰይፍ ድምፅ፣ የፈረስ ኮቴ፣ በማያውቁት ቋንቋ የሚያለቅስ ሰው ይሰማሉ፤ እኔን ግን አያዩኝም። ለትዳር ያሰብኋት አንዲት ሴት ነበረች። አንድ እሑድ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ ጌሙ ውስጥ አንድ ድልድይ የሚሰበርበትን ምክንያት እስካገኝ ድረስ ደጋግሜ እሻገር ነበር። ብዙ ቆይታ ነጠላዋን አስተካከለችና "እዚህ ቤት እኔ ምን ልሁን?" አለችኝ። ድልድዩን እየተሻገርሁ "ትንሽ ጠብቂኝ" አልኋት። ስዞር በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰው የተሠሩ ጌሞች ሲመጡልኝ ሁለቱንም ጆይስቲኮች ጭኔ ላይ አስቀምጨ አንዱን ስይዝ አንዱን ስጥል ብቻየን እጫወታቸው ጀመር። በዚህ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አያ ልሳነወርቅ እንኳን "ጨረስኸው?" እንጂ "ከማን ጋር?" አላሉኝም።

እሳቸው ኩላሊታቸው ታሞ ጡረታ ሲወጡ ወይዘሮ ሰብለ የምትባል ኃላፊ ተተካች። ክፉ ሰው አልነበረችም። ብዙ የሚሰማ ፕሮግራም እንድትሠራ ነበር የተላከችው። "ወጣቱ ሩብ ሰዓት ሙሉ አይሰማህም፤ ከአሥር ስንት እንደሆነ ንገረው" አለችኝ። ቁጥር መስጠት ጀመርሁ። መጀመሪያ ቀለለኝ። በኋላ ሳስተውል ከቁጥሩ በፊት ያልሁትን የሚያስታውስ አድማጭ ጠፋ። መንገድ ላይ የሚያውቁኝ ልጆች "ጋሼ፣ ያን ለምን ስድስት ሰጠኸው?" ነው የሚሉኝ። ኮቱን እየቆለፈ የሚጠይቀኝም አልነበረም። ሳልጨርስ መጻፍ ለመድሁ።

በዚያ ዘመን ነው ከአዲ አርቃይ አንዲት ፍላሽ በፖስታ የመጣችልኝ። የላከው ተገኘ የሚባል፣ እዚያ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚያስተምር ሰው ነው። ጌሙን ሦስት ዓመት ብቻውን ደክሞ እንደሠራው ጽፏል። ከድብ ባሕር እህል የጫነ አሮጌ የጭነት ማኪና በገደሉ አፋፍ እየተጠማዘዘ ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል፤ አንዱ ተጫዋች ሾፌር ነው፣ አንዱ ረዳት። ፍሬኑ ሲግል ሾፌሩ ማኪናውን ይዞ ያቆያል፤ ረዳቱ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ይሸጉጣል። ደብዳቤው ሲያበቃ "ከሚወዱት ሰው ጋር ሆነው ይጫወቱት" ይላል። የወግ ቃል መሰለኝ።

ሁለቱን ጆይስቲኮች ጭኔ ላይ አስቀመጥሁ። የሾፌሩን ለቅቄ የረዳቱን እስካነሣ ማኪናው ቁልቁል ይንሸራተትና ገደል ይገባል። ደግሜ ሞከርሁ፣ ገባ። ለሁለት ቀን ከሰባተኛው መጠምዘዣ ማለፍ አቃተኝ። ሐሙስ ማታ ተውሁት። የሞተሩ ድምፅ እውነተኛ እንደሆነ፣ የተራራው ጥላ ግሩም እንደሆነ ጻፍሁ። ከዚያ ይህችን አከልሁ፦ "የጌሙ ሠሪ የሰው ልጅ ሁለት እጅ ብቻ እንዳለው የረሳ ይመስላል።" ለሁለት ሰው መሠራቱን እያወቅሁ ነው የጻፍሁት። ስቱዲዮ ውስጥ ሳነባት የድምፅ ባለሙያው ሳቀ፤ ወይዘሮ ሰብለም ከመስታወቱ ማዶ ስትስቅ አየኋት። ሰው ሲስቅልኝ ደስ አለኝ። ከአሥር አምስት ሰጠሁና ሄድሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አያ ልሳነወርቅን ቤታቸው ልጠይቃቸው ሄድሁ። አልጋ ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሳንጨርስ "ያን የማኪናውን ሰማሁት" አሉ። "ጨረስኸው?"

"አልጨረስሁትም።"

"ምነው?"

"ለሁለት ሰው የተሠራ ነው።"

ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ "ነገ አምጣው" አሉኝ።

በነጋታው ኮምፒውተሬን ተሸክሜ ሄድሁ። ጆይስቲኩን ስሰጣቸው ገልብጠው ያዙት። ረዳት እንዲሆኑ፣ ይህችን ቁልፍ ሲጫኑ ሰውየው እንደሚወርድ፣ ይህችን ሲጫኑ ድንጋይ እንደሚያነሣ አሳየኋቸው። ፍሬኑ ሲግል "አያ፣ ድንጋይ!" እላለሁ፤ እሳቸው "መጣሁ፣ መጣሁ፣ ያዘው!" ይላሉ። ሦስት ጊዜ ገደል ገባን። በአራተኛው ድንጋዩ ጎማው ሥር ገብቶ ቀጭ ሲል፣ ማኪናው ተንገራግጮ ሲቆም፣ እኒያ ሽማግሌ አልጋቸው ላይ ሆነው እንደ ልጅ ሳቁ። ልጃቸው፣ የአርባ ዓመት ሴት፣ ከማድ ቤት ሮጣ መጣች፤ ደኅና መሆናቸውን አይታ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ሁለተኛ ቀን ስንጫወት ጨረስነው። አዲ አርቃይ ስንደርስ የድል ሙዚቃ የለም፣ ነጥብ የለም። ማኪናው ይቆማል። ሾፌሩና ረዳቱ ይወርዱና ጥላው ሥር ይሄዳሉ፤ ሾፌሩ በጀሪካን ውኃ ያመጣና ለረዳቱ እጁን ያስታጥበዋል። በዚህ ያልቃል።

አያ ልሳነወርቅ ጆይስቲኩን ብርድ ልብሱ ላይ አኖሩት። "አባቱን እያሰበ ነው የሠራው" አሉ። "አንተ ምን ነበር ያልኸው?"

ያልሁትን ሊያስደግሙኝ እንጂ ረስተውት አልነበረም። አልደገምሁትም።

ወይዘሮ ሰብለን እርማት ልሥራ ብየ ለመንኋት፤ ሁለት ደቂቃ ሰጠችኝ። ጌሙ ለሁለት ሰው መሠራቱን፣ እኔ መሳሳቴን ተናገርሁ። ምክንያቴን ግን "በጊዜ እጥረት" አልሁ። አብሮኝ የሚጫወት ሰው የለኝም ማለት አቃተኝ። ያ ውሸት ከመጀመሪያው ስሕተት ይልቅ ሲከነክነኝ ኖረ። አያ ልሳነወርቅ በዓመቱ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሰው ሁሉ ስለ ዜማቸው ያወራል፤ እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ጽሑፌን ጮክ ብየ የማነበው ለግድግዳው ሆነ።

አዲ አርቃይ ድረስ ሄጀ ተገኘን ማየት እንዳለብኝ አውቅ ነበር። መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ ይከርማል፤ ሲዘጋ መንገዱን አመካኛለሁ፣ ሲከፈት ሥራየን። ሥራየ ሲያልቅ የማመካኘው አጣሁ። ባለፈው ወር በጠዋት ተሳፍሬ ሄድሁ።

ትምህርት ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርሁም። ተገኘ ጠጉሩ ከፊት ሸሽቶ የገባ፣ ረጅም፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ስሜን ልነግረው ስጀምር "ድምፅዎን አውቀዋለሁ" አለኝ።

ግቢው ውስጥ ዋርካ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቀኝም። እኔም የማወራበትን መግቢያ አጣሁ።

"ያን ቀን" አለ ራሱ ጀምሮ፣ "ተማሪዎቼንም መምህራኑንም ሻይ ቤት ሰብስቤ ነበር። ሬዲዮ ላይ ልንሰማ ነው ብየ። እስከ ዛሬ ባለ ሦስት እጁ ነው የሚሉኝ።"

"ብቻየን ነው የተጫወትሁት" አልሁት። "ጊዜ አጥቸ አይደለም። አብሮኝ የሚጫወት ሰው ስላልነበረኝ ነው።"

ዞሮ አየኝ። "ያን ሁሉ ሰው እያዳመጠዎት?"

"አዎ።"

አንድ ቅጠል ከጭኑ ላይ አንሥቶ ጣለ። ስለ አያ ልሳነወርቅ ነገርሁት፤ አልጋቸው ላይ ሆነው እንዴት "ያዘው!" እንዳሉ፣ ድንጋዩ ሲገባ እንዴት እንደሳቁ። ድንጋዩ የገባበትን ድምፅ ስነግረው ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። ከአባቱ ማኪና ጎማ ሥር እንደቀዳው ነገረኝ፤ አባቱ ከሞተ በኋላ ማኪናው ሳይሸጥ።

"ታዲያ አሁን ስንት ይሰጡታል?" አለኝ።

ጥያቄውን ጠብቄው ነበር። በመንገድ ላይ ዘጠኝ ልለው አስቤም ነበር። ሰውየው ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ግን አልቻልሁም።

"ቁጥር ትቻለሁ" አልሁት። "መካከለኛ ነው።"

ቀጠልሁ። "ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ያሉት መጠምዘዣዎች አንድ ናቸው፤ የገደሉ ቀለም እንኳን አይለወጥም። መብራት ከሄደ ከድብ ባሕር ነው እንደገና የምንነሣው። ሜዳው መንገድ ላይ ረዳቱ የሚሠራው የለውም፤ ዝም ብሎ ቁጭ ይላል። ድንጋዩና ውኃው ግን ከተጫወትኋቸው ጌሞች ሁሉ በላይ ከልቤ አይወጡም።"

"ረዳት ሜዳ ላይ ሥራ የለውም" አለ ተገኘ። "አባቴ ሲነዳ እኔ ሁልጊዜ እተኛ ነበር።"

"በል አስተኛው። አሁን እኮ ዓይኑን አፍጥጦ ነው የሚሄደው።"

ሳቀ፤ ሳያስበው ነው የሳቀው። ከዚያ ሳቁን ሰበሰበ። "መጠምዘዣዎቹስ እውነትዎን ነው" አለ። "ደክሞኝ ነበር። አንዱን ሠርቸ ገለበጥሁት።"

"ሌላ ሠራህ?"

"አልሠራሁም።"

"በእኔ ምክንያት?"

"በእርስዎ ብቻ አይደለም" አለ። "በእርስዎም ነው።"

አልተከራከርሁም፤ ይቅር በለኝ ስለውም ራሱን ነቀነቀ እንጂ ይቅር ብየዎታለሁ አላለም። ደወል ተደወለ። ክፍል አለኝ ብሎ ገባ። እኔ እዚያው ዋርካ ሥር ቆየሁ። በመስኮቱ ድምፁ ይሰማኛል፤ አንዱን ነገር በሦስት መንገድ እያስረዳ፣ የዘገየውን እየጠበቀ ያስተምራል። ጥሩ መምህር ነው።

ሲጨርስ ወጣ፤ መናኸሪያ ድረስ አብሮኝ ሄደ። ሚኒባሱ ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው ገባሁ። ተገኘ በመስኮቱ በኩል ቀርቦ ስልኬን ጠየቀኝና ቁጥሩን ራሱ ጻፈበት።

"መንገዱ አይታመንም" አለ። "ጎንደር ሲገቡ ይደውሉልኝ።"

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስደርስ እንድደውልለት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ማራኪ ስገባ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። በሩን ከፍቸ፣ ሳልቀመጥ ደወልሁ።

"ደረስሁ" አልሁት።